የፓሌርሞ ካቴድራል መቃብሮች፦ ለድንጋዩ ሣጥን ብላችሁ ግቡ

ፍርዴን ከመጀመሪያው ልናገር። ሲሲሊ ደሴት ከመጣችሁና ፓሌርሞ ከገባችሁ የካቴድራሉን ሙሉ ትኬት ቁረጡ። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ መግባት በነጻ ነው። የሚከፈለው የነገሥታቱን መቃብር፣ የንዋየ ቅድሳቱን ክፍል፣ ምድር ቤቱንና ጣሪያውን ለማየት ነው። ዋጋው ስለሚቀያየር ቁጥር አልጽፍም። አብዛኛው ሰው ለጣሪያው ብቻ ይከፍላል፣ ወጥቶ ሰልፊ ይነሣል፣ ይወርዳል። ጣሪያው አይከፋም፤ ከተማው ከነተራራው ይታያል። እኔ ግን የመጣሁት ለአንድ ከድንጋይ የተሠራ የሬሳ ሣጥን ነው። ከገባሁ በኋላም ሐሳቤን አልቀየርኩም።

እኔ አዲስ አበባ እያለሁ የመቃብር ድንጋይ ነበር የምሠራው። እምነ በረድ መቁረጥ፣ ፊደል መቅረጽ፣ መስቀል ማውጣት፣ የሟቹን ፎቶ መለጠፍ። አሁን የምኖረው ካታኒያ፣ ሌላዋ የሲሲሊ ከተማ ነው። የኤትና እሳተ ገሞራን ጥቁር ድንጋይ ለወለልና ለደረጃ የሚቆርጥ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ስለዚህ ይህን ግምገማ የድንጋይ ጠራቢ እንደጻፈው አድርጋችሁ አንብቡልኝ። የሥዕል ወዳጅ የሆነ ሰው ሌላ ነገር ይነግራችሁ ይሆናል።

ሣጥኑ የማን ነው? አሁን የተኛችበት የአራጎኗ ኮንስታንስ ናት። የሲሲሊ ንጉሥና የቅድስት ሮማ ንጉሠ ነገሥት የነበረው የፍሬድሪክ 2ኛ የመጀመሪያ ሚስት። ሣጥኑ ግን ለእሷ አልተሠራም። እሷ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1222 ነው፤ ሣጥኑ የ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሮማውያን ሥራ ነው። መሀላቸው ወደ አንድ ሺህ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አለ። ፊቱ ላይ የተቀረጸው ደግሞ የአንበሳ አደን ነው። ፈረሰኛ፣ ፈረስ፣ አንበሳ፣ ግርግር። ለአንዲት እቴጌ ማን ብሎ የአንበሳ አደን ያዛል? ማንም አላዘዘም። የተገኘው ነው የተወሰደው።

እኔን የሳበኝ ይኸው ነው። የእኛ ሥራ ሲጀመር ደንበኛው ይመጣል፣ ስም ያጽፋል፣ የልደትና የዕረፍት ቀን ይሰጣል፣ ቀብድ ይከፍላል። ያን የአንበሳ ሣጥንም አንድ ሰው ከፍሎበታል። ስሙ ዛሬ የለም። ቤቱን ለሰው ለቆ ሄዷል።

ስለ አገልግሎቱ ልመለስና፣ አስጎብኚ መያዝ ያስፈልጋል ወይ ለምትሉኝ፣ መጀመሪያ በኢንተርኔት የከተማ ጉብኝት ገዝቼ ነበር። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ ምናልባት የዚያን ቀን ብቻ ይሆናል። ልጅቷ ትሁት ናት፣ ጣሊያንኛዋም እንግሊዝኛዋም ያምራል። ግን ሩጫ ነው። ፍሬድሪክ ላይ ደርሳ ብዙ አወራች። ወደ ሚስቱ ዞር አለችና «ይቺ ባለቤቱ ናት» ብላ ጃንጥላዋን ከፍ አድርጋ ወጣች። እኔ ሣጥኑን ገና ማየት ስጀምር ቡድኑ በር ላይ ነበር። ተመልሼ የራሴን ትኬት ቆረጥኩ። ለድንጋይ የሚመጣ ሰው ብቻውን ይግባ።

አቀማመጡን ልንገራችሁ። የነገሥታቱ መቃብሮች ፊታችሁን ወደ መንበሩ ስታደርጉ በስተቀኝ ባሉት ጸሎት ቤቶች ውስጥ ናቸው። መጀመሪያ ዓይናችሁን የሚይዘው ፖርፊሪ የሚሉት ሐምራዊ ቀይ ድንጋይ ነው። የሲሲሊ ንጉሥ ሮጀር 2ኛ፣ የፍሬድሪክ አባት ሃይንሪክ 6ኛ፣ የሃይንሪክ ሚስትና የፍሬድሪክ እናት የነበረችው ሌላዋ ኮንስታንስ፣ ከዚያ ፍሬድሪክ ራሱ። የፍሬድሪክን ሣጥን ከሥሩ አንበሶች ተሸክመውታል። በላዩ ደግሞ ዓምዶች ያሉት ዳስ አለ። ግርማው ያስፈራል።

ስለ ፖርፊሪ አንድ ነገር ልበል፣ ሙያዬ ስለሆነ ታገሡኝ። ይህ ድንጋይ የሚወጣው ከግብፅ ምሥራቃዊ በረሃ፣ ከአንድ ተራራ ብቻ ነው። ሮማውያን ከ1ኛው እስከ 5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቆፈሩት፣ ከዚያ ቀረ። ስለዚህ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፖርፊሪ የፈለገ ንጉሥ ያለው አማራጭ የሮማውያንን ዓምድ ወይም ሌላ የቆየ ሥራ መቁረጥ ነበር። አብዛኞቹ ተመራማሪዎችም የፓሌርሞዎቹ ሣጥኖች እንዲህ እንደተሠሩ ነው የሚናገሩት። ድንጋዩ ግትር ነው፤ መሮውን ይመልሰዋል። መውቀጥና በአሸዋ መፈግፈግ ነው ያለው። እኛ ዛሬ በኤሌክትሪክ ግራይንደር እንኳ ጠንካራ ግራናይት ሲገጥመን ስንት ጊዜ ነው የምንማረረው!

ሣጥኖቹ ራሳቸውም ተጓዦች ናቸው። ሮጀር በ1145 ሁለት የፖርፊሪ ሣጥን እዚሁ ሲሲሊ ውስጥ ላለው ለቸፋሉ ከተማ ካቴድራል ሰጠ። አንዱ ለራሱ መቀበሪያ እንዲሆን ነበር። ሲሞት ግን የተቀበረው ፓሌርሞ ነው፣ በሌላ ሣጥን። በ1215 የልጅ ልጁ ፍሬድሪክ ሁለቱን ከቸፋሉ አስነሥቶ አመጣቸው። አንዱን ለአባቱ፣ አንዱን ለራሱ። በ1781 ሲከፈት ደግሞ ፍሬድሪክ ብቻውን እንዳልሆነ ታየ። ሌሎች ሁለት ሰዎች አብረውት ተኝተዋል፤ አንዱ ሌላ የሲሲሊ ንጉሥ ነው፣ ሌላው ማንነቱ አይታወቅም። የመቃብር ቦታ ጥበት የእኛ ከተማ ችግር ብቻ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ወደ ሚስቱ እንሂድ። የእሷ ሣጥን ፖርፊሪ አይደለም። ነጭ እምነ በረድ ነው። ከቀዩ ግርማ ቀጥሎ ስለሚታይ ሰው ቶሎ ያልፈዋል። እኔ እዚያ ነው የቆምኩት።

መጀመሪያ ጥልቀቱን እዩ። እንደ እኛ ቤት ላዩን ጭሮ የተተወ ቅርጽ አይደለም። ድንጋዩ ወደ ውስጥ ተበልቶ ምስሉ ብቻውን ወጥቷል። ጥላው ራሱ የሥራው አካል ነው። የዚያ ዘመን ጠራቢዎች በመሰርሰሪያ ነበር የሚጫወቱት። የፈረስ ጋማና የሰው ጠጉር አካባቢ ጨለማ የሚሆነው ተሰርስሮ ስለገባ ነው። መሰርሰሪያውን አንዱ ይይዘዋል፣ ሌላው በጠፍር ወይም በገመድ እየሳበ ያሽከረክረዋል። ሁለት ሰው ማለት ነው። ያዡ ትንፋሹን ውጦ ነው የሚሠራው፤ ሳቢው ትንሽ ከተሳሳተ የፈረሱ ጆሮ ይሄዳል። ከዚያ መሮ፣ ከዚያ ሞረድ፣ በመጨረሻ ማለስለስ። ዛሬ በብርጭቆ ወረቀት የምናደርገውን እነሱ በሻካራ ድንጋይ ያደርጉታል።

ሁለተኛ ጎኖቹን እዩ። ሮም ከተማ ውስጥ የሚሠሩ ሣጥኖች አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ፊታቸው ብቻ ነው የሚቀረጸው። ግድግዳ ተጠግተው ስለሚቀመጡ ጀርባቸው ላይ ማንም ገንዘብ አያጠፋም። ጎኖቹም ከፊቱ ይልቅ ጠለቅ አይሉም። አቴና የሚሠሩት ግን አራቱም ፊታቸው የተቀረጸ ነው። የዚህኛው ጀርባ ለእኛ አይታይም። የሚያሳዝነኝ እሱ ነው፤ ለጠራቢ ያልተጨረሰው ጀርባ ከተጨረሰው ፊት የበለጠ ይነግረዋል። የመሮው አፍ ስንት ጥርስ እንደነበረው፣ ሠራተኛው ግራኝ ይሁን ቀኝ፣ ቸኩሎ ይሁን ተረጋግቶ።

ሦስተኛ ፊቶቹን እዩ። ሮማውያን ደንበኛው እስኪመጣ ድረስ የዋናውን ሰው ፊት ሳይጨርሱ የሚተዉበት ጊዜ ነበር። ልክ እኛ ሱቅ ፊት ለፊት ስም ያልተጻፈበት ድንጋይ እንደምንደረድረው። ከ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሬሳ ማቃጠል እየቀረ መቅበር እየበዛ ሲሄድ የሣጥን ገበያው ደራ። ድንጋዩ ከቁፋሮው ቦታ ግማሹ ተፈልፍሎ ነው በመርከብ የሚጫነው፤ ክብደቱ እንዲቀንስ። አንዱ ትልቅ የእምነ በረድ ምንጭ የማርማራ ደሴት ነበረች፣ ዛሬ ቱርክ ውስጥ ያለችው። የዚያች ደሴት እምነ በረድ እስከ ቀይ ባሕር ወርዷል። አዱሊስ በተቆፈረች ጊዜ ከዚያ የመጡ የቤተ ክርስቲያን መከለያ ቁርጥራጮች ተገኝተዋል። ይህን ሳውቅ ነው የሮማውያን ድንጋይ ለእኛም ያን ያህል ባዳ እንዳልሆነ የገባኝ።

አደኑ ደግሞ ትርጉም አለው። በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንበሳ የሚያድን ፈረሰኛ ሣጥኑ ላይ ማስቀረጽ ፋሽን ነበር። ሟቹ በሕይወቱ አንበሳ ገድሎ ይሁን ነጋዴ ሆኖ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ማንም አይጠይቅም። ጀግና ነበር ለማለት ነው። ፉከራ በድንጋይ። በወግ ብንነጋገር፣ እኛም ሐውልት ላይ ስናስጽፍ ማንን ነው ክፉ ነበር ብለን የምናጽፈው?

ኮንስታንስ በዚህ የሰው ፉከራ ውስጥ እንዴት እንደገባች ስታስቡ ታሪኳን ማወቅ ይጠቅማል። የአራጎን፣ ማለትም ዛሬ ስፔን ውስጥ ያለው የድሮ መንግሥት፣ ንጉሥ ልጅ ናት። መጀመሪያ የሃንጋሪን ንጉሥ አገባች፣ ሞተባት። በ1209 ለፍሬድሪክ ተዳረች። እሱ ገና 14 ዓመቱ ነበር፤ እሷ ከአሥር ዓመት በላይ ትበልጠዋለች። በ1220 ሮም ላይ አብረው ዘውድ ጫኑ። ከሁለት ዓመት በኋላ ካታኒያ ውስጥ ሞተች፤ እኔ በምኖርበት ከተማ ማለት ነው። ፍሬድሪክ ፓሌርሞ አምጥቶ በዚህ ሣጥን አስቀበራት። በዚያ ዘመን የሮማውያንን ሣጥን ለክቡር ሰው መስጠት ቁጠባ አልነበረም፤ እንዲያውም ክብር ነበር። ነገሥታቱ የቄሣሮች ወራሽ ነን ባዮች ናቸው። የቄሣር ዘመን ድንጋይ ውስጥ መተኛት ያንን ማለት ነው።

መቃብሯ ላይ የተጻፈው በላቲን ነው። ራሷ እንደምትናገር ሆኖ ነው የተጻፈው፦ የሲሲሊ ንግሥት ነበርሁ፣ ኮንስታንስ፣ ሚስትህና እቴጌህ፣ አሁን እዚህ እኖራለሁ፣ ፍሬድሪክ ሆይ፣ ያንተው። እኔ በሥራዬ ዘመን «ከዚህ ዓለም ድካም አረፈች» የሚለውን ስንት ጊዜ እንደቀረጽኩ ራሴም አላውቀው። ሁሉም በሦስተኛ ሰው ነው። ሟች ራሷ ባሏን ስታነጋግር ግን ቀርጬ አላውቅም። ቆሜ ደጋግሜ አነበብኩት። አክስቴ ተርጉሜ ስነግራት ዝም አለች፣ ከዚያ «ታዲያ ስንት ሚስት አገባ ከእሷ በኋላ?» አለችኝ። ሁለት ጊዜ ተድሯል አልኳት። «በል ተወው» አለች።

አክስቴን ሳላስተዋውቃችሁ። ፓሌርሞ ውስጥ አረጋውያን በመንከባከብ ሥራ ብዙ ዓመት ኖራለች፤ ሐሙስ ከሰዓት ዕረፍቷ ነው። ካቴድራሉን በየጊዜው ትሳለመዋለች እንጂ ትኬት ቆርጣ አታውቅም። «አንተ ልጅ፣ ሬሳ ሣጥን ለማየት ነው ገንዘብ የምትከፍለው? አገርህ ሞልቶልህ የለም እንዴ?» ብላኛለች። በደቡቡ በር ስንገባ እንደ ልማዷ ነጠላዋን አስተካክላ በግራ በኩል ያለውን ዓምድ ልትሳለም ተጠጋች። ዓምዱ ላይ የተቀረጸው የቁርኣን አንቀጽ ነው! ቦታው በዓረቦች ዘመን መስጊድ ነበር፤ ዓምዱም እንደ ሣጥኑ የተገኘው ነው የተወሰደው። ስነግራት ትንሽ አሰበችና «እግዚአብሔር አንድ ነው» ብላ ተሳለመችው።

ምድር ቤቱን እንዳትዘሉት። እዚያ 23 መቃብሮች አሉ፤ አብዛኞቹ የሊቀ ጳጳሳት ናቸው። የሮማውያን ሣጥን ወስዶ ጳጳስ መቅበር የዘወትር ሥራ እንደነበረ የሚገባችሁ እዚያ ነው። ለኔ በጣም የጠቀመኝ በ1511 የሞተው የሊቀ ጳጳስ ጆቫኒ ፓተርኖ መቃብር ነው። ሣጥኑ ጥንታዊ ነው፤ ክዳኑ ላይ የተኛውን የጳጳሱን ምስል የሠራው ግን አንቶኔሎ ጋጂኒ ነው፣ በዘመኑ የሲሲሊ ስመ ጥር ጠራቢ። ታችና ላይ የሁለት ዘመን እጅ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ላይ ክዳንና ሣጥን የሚገናኙበትን መስመር ተከተሉ። የድንጋዩ ቀለም ይለያያል፣ ልኩ አይገጥምም፣ ወይም አንዱ የተሸረፈበት ቦታ ሌላው ላይ አይቀጥልም። ሮማውያን ክዳኑን በብረት ማያያዣ ነበር የሚቆልፉት፣ ዙሪያውን እርሳስ አቅልጠው ያፈሱበታል። ጠርዙ ላይ ቀዳዳ ወይም የተቦረቦረ ነገር ካያችሁ የጥንቱ ቁልፍ ቦታ ሊሆን ይችላል። ከሥር ቀዳዳ ካለው ደግሞ አንድ ጊዜ የውኃ ገንዳ ሆኖ አገልግሎ ይሆናል፤ ጣሊያን ውስጥ ብዙ ሣጥኖች እንዲያ ሆነዋል።

በኛ ቤት አንድ ጊዜ ሴትዮ የቆየ የመቃብር እምነ በረድ በጋሪ አስጭነው መጡ። አጽሙ ተነሥቶ ነበር፣ ድንጋዩ ተረፈ። «ገልብጣችሁ ጻፉልኝ» አሉን። አለቃዬ አልተገረመም፤ ጀርባውን አለሰለስን፣ አዲስ ስም ጻፍን። የድሮው ስም ከሥር መሬቱን እያየ ነው ያለው። የዚያን ቀን ትንሽ ከብዶኝ ነበር። ፓሌርሞ ምድር ቤት ውስጥ ስዞር ግን ቀለል አለኝ። ጳጳሳቱም እንዲሁ ነው ያደረጉት፣ ማንም ነውር አላለውም።

የንዋየ ቅድሳቱ ክፍል የመጨረሻው ነው። የኮንስታንስ ዘውድ እዚያ ነው። በ1491 መቃብሯ ሲከፈት ነው የተገኘው። እንደ ቆብ ክብ ነው፤ በወርቅ ክር የተሠራ፣ ዕንቁና የከበረ ድንጋይ ያለበት፣ በሁለቱ ጎን ጆሮ ላይ የሚንጠለጠል ጌጥ ያለው። አንዳንድ ተመራማሪዎች የወንድ ዘውድ ነው ይላሉ። ፍሬድሪክ የራሱን ዘውድ አብሯት አስቀምጦ ይሆናል ነው ነገሩ። እውነት ከሆነ ሴትዮዋ በሰው ሣጥን፣ በባሏ ዘውድ ነው የተቀበረችው። አክስቴ ፊቷ ትንሽ ፈታ ያለው እዚህ ጋ ነው። «እሺ፣ ይሄስ ደህና ሰጥቷታል» አለች።

ለተግባሩ ጥቂት ልጨምር። ከካታኒያ በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፤ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ይቻላል። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ስላለ ለመቃብር ብላችሁ አትምጡ። ትከሻ የሚያሳይ ልብስ ይቅር። ድንጋዩን መንካት የለም፤ እጄ እየበላኝ ነው የወጣሁት። ስለዚህ ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ ያዙና ጠጉርና ጋማ ላይ ዙም አድርጉ። ጊዜ ካላችሁ የሣጥኑን ጎኖች መጀመሪያ፣ ፊቱን በኋላ እዩ። ሁሉም ሰው ፊቱን አይቶ ይሄዳል።

ጾም ላይ ከሆናችሁ አትጨነቁ። ፓኔሌ የሚሉት አለ፤ የሽንብራ ዱቄት ተገንፍቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ተቆርጦ በዘይት የሚጠበስ ነው። ዳቦ ውስጥ ከተው ይሰጧችኋል። ከካቴድራሉ ብዙም ሳይርቅ ባላሮ ገበያ ውስጥ ታገኙታላችሁ። ሎሚ ጨመቅ አድርጉበት።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ ለነገሥታቱ መቃብርና ለምድር ቤቱ ከአምስት አምስት፣ ለዘውዱ አራት ተኩል፣ ለጣሪያው ሦስት ተኩል፤ ጉልበት ለሚያማችሁ ሁለት። ትኬቱን ስትገዙ ምድር ቤቱ መካተቱን ጠይቁ፣ ጣሪያውን ብቻ ሰጥተዋችሁ እንዳትቀሩ።